የጋሽ ደምሴ አውራ ጣት

አሰብ ውስጥ የማይዝግ ነገር ቢኖር ሐሜት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ይዝጋል። የበሩ ማጠፊያ ይዝጋል፣ የአልጋው ሽቦ ይዝጋል፣ የቀበቶ ዘለበት ወገብ ላይ እንዳለ ይዝጋል። አንድ የቢሮ ባልደረባዬማ የወርቅ ጥርሴ ዛገ ብሎ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ፤ እርግጥ ጥርሱን የተከለለትን ሰው ካየነው በኋላ በባሕሩ መፍረድ ትተናል። ያ ጨዋማ ንፋስ በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ ሣጥን ውስጥ ያለ መርፌ ፈልጎ ያገኛል። ስለዚህ የአሰብ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ በስፌት መኪና ዘይት ነክሮ ቤቱ ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ይጠርጋል። ሀብታም ሲጠርግ ይመሽበታል። እኔ ግን የነበረኝ ብረት አንድ አልጋ፣ አንድ ቁልፍና አንድ የምላጭ መያዣ ስለነበር ቅዳሜዬ አጭር ነበረች።

በአየሩ የጀመርኩት ጥፋቴን እሱ ላይ ለማላከክ ነው። ጥፋተኛ ሰው ሁልጊዜ ወሬውን ከአየሩ ጠባይ ይጀምራል፤ እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙ።

ጊዜው የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ወደብ ላይ የጭነት ጸሐፊ ነበርኩ። መርከብ ያራገፈውን እመዘግባለሁ፣ ካሚዮን የጫነውን እመዘግባለሁ። ገቢው በቀይ ቀለም፣ ወጪው በጥቁር። ይህቺን የቀለም ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ታዋርደኛለች።

የምኖረው እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ ዘነበች የደሴ ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ደምሴ የወደብ ክሬን ነጂ ነበሩ፤ እኔ ግን አሰብ የደረስኩት እሳቸው ካረፉ በኋላ ስለሆነ የማውቃቸው ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በፎቶው ላይ ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከፎቶው ሥር፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ግራሞፎናቸው ተቀምጧል። በእጅ የሚዞር ነው። አንድ አገሩን ለቆ የሚሄድ ጣሊያን የሸጠላቸው ዕቃ ሲሆን መርፌውን የሚሸከመው ክንዱም፣ ማዞሪያውም፣ የሸክላው ማስቀመጫ ጠርዝም ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። ጋሽ ደምሴ በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ ደጅ አውጥተው አንድ ሸክላ ያሰሙ ነበር አሉ። አንድ ብቻ። ሁለተኛውን የሚፈልግ ነገ ይምጣ ይሉ ነበር። ካረፉ ወዲህ ግራሞፎኑ ድምፁን አሰምቶ አያውቅም። እትዬ ዘነበች ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቁን ገልጠው፣ በዘይት ጠርገው፣ መልሰው ይሸፍኑታል።

እኚህ ሴት፣ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ንዳድ ጥሎኝ ሳለ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በማንኪያ ሾርባ ያጎረሱኝ ሰው ናቸው። እናቴ እንኳ እሳቸው ያጎረሱኝን ያህል በተከታታይ ያጎረሰችኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ልጃቸው ልትወልድ ደርሳ ወደ ደሴ ሲነሱ፣ «የቤቱን ቁልፍ ላንተ ልተው?» ቢሉኝ ደረቴን ነፋሁ።

«አደራ የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉኝ፣ ጓዛቸው ካሚዮኑ ላይ ከተጫነ በኋላ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግራሞፎኑን በዘይት ጥረግልኝ። ሌላ ምንም እንዳታደርግ።»

«ይተኙበት እትዬ» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠረግሁ። ያን ዕለት ነው ክንዱ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ያየሁት፤ ነጩ ተልጦ የአውራ ጣት የምታክል ቦታ ተራቁታለች። እንደ ወለቀ ጥርስ አስጠላችኝ። ሁለተኛውን ቅዳሜ ከወደብ ሰዎች ጋር ኳስ ነበረን። ሦስተኛውን ቅዳሜ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሑድ ዕለት ነው ያስታወስኩት፤ እሑድ ደግሞ ሥራ አይሠራም። አራተኛውን የሙቀቱ ነገር አስረሳኝ። ሐምሌ ነው፤ አሰብ በሐምሌ ስሙን የማይረሳ ሰው ጎበዝ ይባላል። አምስተኛው ላይ አንድ ሾፌር መጥቶ ከበር ላይ ጮኸ፦ «እትዬ ዘነበች በሰላም ተገላገለችልኝ ብለዋል! ሴት ናት! የዛሬ አሥር ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከእኔ ጋር ይመለሳሉ!»

እልል ማለት ሲገባኝ ወደ ግራሞፎኑ ሮጥኩ። ጨርቁን ብገልጠው አረንጓዴ ሆኗል። ክንዱ የጎመን አገዳ መስሏል፤ ማዞሪያው ላይ ቀይ ዝገት እንደ ኩፍኝ ፈልቶበታል።

እዚህ ላይ ልቦና ያለው ሰው ቢሆን ዘይትና ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ግን እናቴ የናስ ዕቃ በሎሚና በአሸዋ ስታሽ ያየሁት ትዝ አለኝ። አሰብ ውስጥ ደግሞ እንደ አሸዋ የሚትረፈረፍ ነገር የለም። ክንዱን ፈታሁት፣ ማዞሪያውን ነቀልኩት፣ ከባሕሩ ዳር በባልዲ አሸዋ አመጣሁና ጠዋት የጀመርኩትን እስከ ምሳ ድረስ አሸሁት። አረንጓዴው ለቀቀ። ሳሽ ዋልኩ፤ ነጩም ለቀቀ። ከሥሩ ቢጫ ብቅ አለ። ያኔ ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ወርቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ደምሴ ሳያውቁ ከወርቅ የተሠራ ግራሞፎን ትተው ሞቱ ብዬ፣ ለእትዬ ዘነበች የምሥራቹን እንዴት እንደማበስራቸው እያሰላሰልኩ፣ በአዲስ ጉልበት የቀረውን ነጭ ሙልጭ አድርጌ አነሣሁት። ያቺ ያስጠላችኝ ቢጫ ነጥብ በቢጫው መሐል ጠፋች።

ከምኞቴ ያባነኑኝ ጎረቤታችን ሐጂ ሁመድ ናቸው። ሐጂ ሁመድ የአፋር ሽማግሌ ሲሆኑ በጣሊያን ጊዜ ወደብ ላይ ጭነት ተሸካሚ ነበሩ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። የደምሴ ግራሞፎን ነው ይሄ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። አዎ ሐጂ።»

«ያ ሰላም! ነጩን የት ወሰድከው?»

ቢጫውን ክንድ ከነቢጫ ተስፋዬ ይዤ ወደ ካፖ ሃብቴ ጋራዥ ሄድኩ። ካፖ ሃብቴ የአሥመራ ሰው ነው፤ ከጣሊያኖች ጋር ዕድሜውን የፈጀ መካኒክ፣ አሰብ ላይ የተበላሸ ሞተር ሁሉ የሚሳለመው ሰው። ክንዱን ተቀብሎ ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ምንድን ነው ያሸህበት?»

«አሸዋ።»

«ዋይ አንተ! ስማ፣ ይሄ ናስ ነው። ነጩ ኒኬል ነበር፣ ከላይ የለበሰችው ልብስ። አንተ ልብሷን ገፈህ ራቁቷን አመጣኻት።»

«ታዲያ ወርቅ...»

«ወርቅ!» ብሎ ጋራዡን ሙሉ ጠራብኝ። የአንድ ተሳቢ ሾፌር ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጥቶ አየኝና ተመልሶ ገባ።

ካፖ ሃብቴ ሲቆጣ አንደበቱ ይከፋል እንጂ ልቡ ለስላሳ ነው። ጋሽ ደምሴ ወዳጁ ነበሩ። «ለዘነበች ስል ነው እንጂ ለአንተስ ዱላ ነበር የሚገባህ» አለና መላውን ነገረኝ። አቼቶ፣ ትንሽ ጨው፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦ፤ እና ንጹሕ ኒኬል። የባትሪው ኃይል ኒኬሉን አቼቶው ውስጥ እያሟሟ ወስዶ ክንዱን ያለብሰዋል። ጥያቄው ኒኬሉ ከየት ይመጣል ነው። ካፖ ሃብቴ አንድ ከራዲዮ የወለቀ ማግኔት ከኪሱ አወጣ። የድሮ የጣሊያን ሳንቲም ውስጥ ኒኬል የሆነ አለ፣ ነጭ ሆኖ ማግኔት ከያዘው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ብረት አለመሆኑን እኔ አይቼ እነግርሃለሁ አለኝ።

የጣሊያን ሳንቲም አሰብ ውስጥ ከሐጂ ሁመድ በቀር ማን ዘንድ ይገኛል? ሐጂ የብስኩት ቆርቆሮአቸውን አምጥተው ምንጣፍ ላይ ዘረገፉት። ማግኔቷ የያዘቻቸውን ሁሉ ካፖ ሃብቴ አንድ በአንድ አየና የጣሊያን ንጉሥ ፊት ያለበትን አንዱን መረጠ።

«ይሄን ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ ሐጂ።

«አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈን እናሟሟዋለን» አለ ካፖ ሃብቴ።

ሐጂ ሁመድ ሳንቲሙን ተቀብለው አተኩረው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ሰውዬውን ነው? ወላሂ በነጻ ውሰዱት። ለዚህ ፊት ስንት ዓመት ከረጢት ተሸክሜአለሁ! ግን አንድ ነገር፤ ሲሟሟ ቁጭ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው እኛ ግቢ ይውሉ ጀመር። አቼቶው ያለበትን የጠርሙስ ዕቃ ከፊታቸው አድርገው፣ ከበረንዳው ጥላ ሥር፣ ሰው ሲያልፍ «ና እይ፣ ጆሮው አልቋል» ይላሉ። አቼቶው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ። ካፖ ሃብቴ ደስ አለው፤ ኒኬሉ እየወጣ ነው አለ።

የመጀመሪያውን ሙከራ እንድሠራ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ በደባይሲማ መንገድ ላይ አንድ ካሚዮን ተሰብሮ ኖሮ ፈልገውታል። ከመሄዱ በፊት ሁሉንም ነገር አስረዳኝ፤ ፖዚቲቮው ከምን፣ ኔጋቲቮው ከምን እንደሚታሰር ሳይቀር። እኔም እሱ ሲናገር ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር። የሚነቀነቅ ራስ ብዙ አይሰማም። ሽቦዎቹን ይዤ ብቻዬን ስቀመጥ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ነው፤ የትኛው ለክንዱ እንደሆነ ጭራሽ ጠፋኝ። ታዲያ ያልተማረ ሰው ነው የሚጨነቅ፤ እኔ የወደብ ጸሐፊ ነኝ። ኒኬሉ ወደ ክንዱ የሚገባ ዕቃ ነው። ገቢ ደግሞ በቀይ ነው። ቀዩን ሽቦ ከክንዱ አሰርኩና በኩራት ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለምሳ ስመለስ ሐጂ ሁመድ ቆመው ጠበቁኝ። «ሰውዬው ቀላ» አሉኝ። እውነትም ንጉሡ መቅላት ጀምረዋል። የግራሞፎኑ ክንድ ግን ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። እኔ ክንዱን ኒኬል አለብሳለሁ ስል ለንጉሡ የክንዱን ናስ ሳለብሳቸው አርፍጃለሁ።

ካፖ ሃብቴ በማግስቱ ተመልሶ ሲያይ አልተሳደበም። ቁጭ አለና ጉንጩን በእጁ ደገፈ። ይህ ከስድብ የባሰ ነበር። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ክንዱን መልሶ አለሰለሰውና፣ እንደገና አስረዳኝ፤ ቀዩ ከሳንቲሙ፣ ጥቁሩ ከክንዱ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሽቦውን በትክክል አሰርኩ። ሐሰት አልናገርም፣ በትክክል አሰርኩ። ግን ቀኑ ዓርብ ነው፤ እትዬ ዘነበች ማክሰኞ ይገባሉ። ሁለቱ የባትሪ ድንጋዮች እንደ ጡረተኛ ነው የሚሠሩት። ታዲያ ግቢያችን ደጃፍ ላይ የቆመ ካሚዮን ነበርና ሾፌሩን ለምኜ ባትሪውን አስወረድኩ። ከድንጋይ ይልቅ ባትሪ ይበረታል፣ የበረታ ደግሞ ቶሎ ይጨርሳል። ጨረሰም። አቼቶው ተንተከተከ፣ ሐጂ ከነዱካቸው ወደ ኋላ ሸሹ፣ ክንዱ የምጣድ ቂጥ መስሎ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጥቀርሻው በጣት ሲነካ ይረግፋል።

«ከዚህ በኋላ» አለ ካፖ ሃብቴ፣ «ከዚህ ዕቃ ሦስት እርምጃ ወዲያ ቁም። ሐጂ ይጠብቁታል። አንተ ውኃ ታቀብላለህ።»

ሰኞ ለማክሰኞ የመጨረሻው ሙከራ ሆነ። ማዞሪያውንና ጠርዙን ካፖ ሃብቴ ራሱ አለበሳቸው፤ አማሩ። የቀረው ክንዱ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ገና ሳይሞቅ መጥቶ ክንዱን በሳሙና፣ ከዚያ በአመድ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አጠበው።

«አሁን ማንም በእጁ እንዳይነካው» አለ። «የእጅ ቅባትና ኒኬል አይዋደዱም። ቅባት ያለበት ቦታ ላይ አይቀመጥም። ሽቦውን ብቻ ይዘህ አቀብለኝ።»

ሽቦውን ብቻ ያዝኩ። ሽቦው አጭር ነው፣ እጄ ደግሞ ከሙቀቱ የተነሣ በላብ ርሷል። እሱ ወደ አቼቶው ዞር ሲል ክንዱ ከሽቦው ሾለከ። መሬት ሊወድቅ ነው። ያዝኩት። በሙሉ መዳፌ፣ በአውራ ጣቴ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ካፖ ሃብቴ ፊቱን ሲመልስ ክንዱ ሽቦው ላይ ነው። «አልነካኸውም አይደል?» አለኝ። «ኧረ እንዴት!» አልኩት። ሐጂ ሁመድ አይተዋል፤ ግን ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ንጉሡ መለሱ።

ከሰዓት በኋላ ክንዱ ወጣ። በለስላሳ ጨርቅ ስናሸው ነጭ ሆነ። እንደ ድሮው አያንጸባርቅም፤ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ግን ነጭ ነው። ልቤ በደስታ ሊወጣ ሲል ካፖ ሃብቴ ክንዱን ዞር አደረገው። ከጎኑ የአውራ ጣት የምታክል ቢጫ ነጥብ ቁጭ ብላለች። ያቺ ያስጠላችኝ ነጥብ! ከሰማይ ወርዳ ይሁን ከመሬት ወጥታ አላውቅም፤ ተመልሳ መጥታለች። የጣቴ መስመሮች ሳይቀሩ ይታያሉ።

ካፖ ሃብቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እግሬን አየሁ። አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ከደጅ የካሚዮን ጥሩምባ ጮኸ።

ክንዱን ቦታው ላይ የገጠምንበትን ፍጥነት አልነግራችሁም። እትዬ ዘነበች አቧራ ለብሰው ገቡ፣ ሐጂን ሰላም አሉ፣ ካፖ ሃብቴን ሳሙ፣ እኔን ሁለት ጊዜ ሳሙ። ከዚያ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ግቢ ዙሪያውን አዩና፣ ምንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወደ ቤት ገብተው ጨርቁን ገለጡት።

እኔ ያን ጊዜ ሁሉን ለመናዘዝ ቆርጬ ነበር። ኳሱን፣ አሸዋውን፣ ወርቁን፣ ቀዩን ሽቦ፣ ሁሉንም። አሥራ አንድ ቀን ያጎረሱኝን ሴት አደራ በልቼ ዝም ብል ሰው አይደለሁም። ግን እሳቸው ቀደሙኝ። እትዬ ዘነበች በሌባ ጣታቸው ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ጎንበስ ብለው ወዲያኛውን ጎን አዩ፤ ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ ወዲህኛውን ጎን አዩ፤ ቢጫዋ ነጥብ ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው የእኔን ፊት አዩት።

«ሁሉን አሳድሰህ ይህቺን እንኳን ተውክልኝ» አሉ። «የደምሴ አውራ ጣት ናት። ሲያነሣው ሲያነሣው እሱ ያወጣት ናት። እንዴት ብታውቅ ነው?»

ካፖ ሃብቴ ሳል ያዘው። ሐጂ ሁመድ «አልሐምዱ ሊላህ» አሉ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ «እንግዲህ... አስቤ ነው» አልኩ።

ያን ዕለት ማታ ግራሞፎኑ ከዓመታት በኋላ ደጅ ወጣ። እትዬ ዘነበች ራሳቸው አዙረው፣ አውራ ጣታቸውን ቢጫዋ ነጥብ ላይ አሳርፈው፣ መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀመጡት። መሰንቆ ነበር። ንፋሱ ከባሕሩ ይመጣል፣ ሸክላው ይንኮሻኮሻል፣ ሐጂ ሁመድ ግጥሙን በደንብ ሳይሰሙት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ካፖ ሃብቴ እንባውን በዘይታም ጨርቅ ጠርጎ ጉንጩን አጠቆረ። አንድ ሸክላ ብቻ አሰሙን። ሁለተኛውን ስንለምናቸው ነገ ኑ አሉ።

ያቺ ግቢ ዛሬም ድረስ ትናፍቀኛለች። ሙቀቷ ሳይቀር ይናፍቀኛል፤ ይህን ስል ያኔ የሰደብኳት ስድብ ሁሉ ይታዘበኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ማታ ማታ አዳመጥን። እኔ ግን ቢጫዋን ነጥብ ባየኋት ቁጥር ዓይኔን እመልስ ነበር። የሌላ ሰው ሐውልት ላይ ስሙን ጽፎ እንደ ሸሸ ሰው እፍረት ይይዘኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዘይቱን ይዤ የምጠርገው እኔ ሆንኩ፤ አንድም ቅዳሜ አላለፈኝም።

ከዚያ ዝውውር መጣልኝና ልሄድ ሆነ። በመጨረሻው ማታ እትዬ ዘነበች «ዛሬ አንተ አጫውተን» አሉኝ። ማዞሪያውን አዞርኩ፣ ክንዱን አነሣሁ። አውራ ጣቴ ነጥቧ ላይ ልክክ አለች። እንደ ራሷ አልጋ ተኛችበት። ደንግጬ ላነሣት ስል እጄን ያዙኝ።

«ደምሴ ግራኝ ነበር» አሉኝ።

ግራ እጄን አየሁት።

«በግራ እጁ ነበር የሚያነሣው። የእሱ ምልክት በወዲያኛው ጎን ነበረች። ይህቺ የአንተ ናት።»

«እትዬ... ታዲያ ያን ዕለት ለምን...»

«ፊትህን ብታየው ኖሮ አንተም ትዋሽለት ነበር» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «የእሱን እጅ አሸዋህ በላው። አዝኛለሁ፤ አላዘንኩም አልልህም። ያን ሌሊት አልቅሻለሁ። ግን ጠዋት ሳስበው፣ ብረቱ ላይ የሰው እጅ ካለበት ይሻለኛል አልኩ። ሃብቴ ይህቺንም ላልብስልሽ ቢለኝ እንዳትነካት ብዬዋለሁ።»

መርፌውን አስቀመጥኩ። ያን ዕለት ሁለት ሸክላ አሰሙን።

በማግስቱ ካሚዮን ላይ ተሳፍሬ ወጣሁ። ደባይሲማን እስክናልፍ ድረስ ቀኝ አውራ ጣቴን በግራ እጄ እንደያዝኳት ነበር። ሾፌሩ አየኝና «ቆሰልክ እንዴ?» አለኝ።

«የለም፤ እትዬ ዘነበች ቤት ትቻት መጥቼ ነው» አልኩት።

ሾፌሩ አንዴ አየኝና፣ የአሰብ ሙቀት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ፣ የውኃ ኮዳውን አቀበለኝ።